ምላጩ ካልተነሳ

እትዬ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በሙሉ ጤናና በሙሉ ደስታ ያግኝሽ። ለመሆኑ እንዴት ነሽልኝ? ደረጃ ስትወጪ የሚያስቸግርሽ ጉልበትስ አደብ ገዛ? ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ያ ነዝናዛ አለቃሽ ተቀየረ ወይስ አሁንም በየአንሶላው ላይ እንከን ሲፈልግ ይውላል? ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንዴት ተወጣችው? ትንሹስ የፊት ጥርሱ በቀለለት ወይስ እስከ ዛሬ በድዱ ነው የሚስቅልሽ? አማትሽስ ከቤት ወጣ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ ለወግ ያህል አይደለም፤ አንድ በአንድ መልሺልኝ።

እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ትምህርት ቤት ማስተማሯን ቀጥላለች፤ ቤት ስትገባም እኔን ማስተማሯን አላቆመችም። ልጆቹ በቁመት በልጠውኝ አሁን ሳናግራቸው ቀና ማለት ጀምሬያለሁ። እኔም ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል ወገቤ ይወቅሰኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። አዲሱ ፀጉር ቤት ጠባብ ቢሆንም ደንበኛው መንገዱን ለምዶታል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። የምጽፍልሽ ስለ ወንድማችን ስለ ጭንቅሌ ነው። እዚህ ስትደርሺ ወረቀቱን አጥፈሽ መሳቢያ ውስጥ ልትወረውሪው እንደምትችዪ አውቃለሁ፤ እባክሽ አትወርውሪው። የእሱ ቁጥር ሲመጣ ስልኩን በፊቱ ደፍተሽ እንደምትተዪው ትልቋ ልጅሽ ነግራኛለች፤ እሷን እንዳትቆጪያት። ባለፈው ስንደዋወል «ምርጫውን ተሸነፈ አሉ፤ እሰይ!» አልሽና ወዲያው ስለ አየሩ ጠየቅሽኝ፤ እኔም ስለ ዝናቡ አወራሁልሽ። እሱ መጥቶ ሊያይሽ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ሁለታችሁ ሆድና ጀርባ ስትሆኑ መሀላችሁ ተቀምጬ መቁለጭለጭ ሰልችቶኛል። በስልክ የማልችለውን ነው አሁን የምጽፈው፤ ከሥሩ ልጀምር፣ ታገሺኝ።

የአባባን ሕግ መቼም አትረሺውም። እጁ ላይ ምላጭ ካለ አባባ አይናገርም። ስለዚህ ሦስታችንም ፈቃድ የምንጠይቀው ምላጩ የደንበኛ ጉሮሮ ላይ እስኪያርፍ አድፍጠን ጠብቀን ነበር። ካልፈቀደ ምላጩን ያነሳል፣ በጨርቁ ይጠርገዋል፣ ዞር ብሎ «አይሆንም» ይላል። ምላጩ ካልተነሳ ግን እሺ ማለት ነው፤ ሮጦ መውጣት ነው። ለኳሱም፣ ለሲኒማውም፣ ለሽርሽሩም የተፈቀደልን እንዲያ ነው። አንቺም ባሕር ማዶ ልሂድ ብለሽ የጠየቅሽው እንዲያው ነው። ወንበሩ ላይ የነበረው ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ነው። አባባ ምላጩን አላነሳም፤ ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ቆረጠ። ጫማ ሰፊው ያቺን ጠባሳ እስከ ዛሬ አገጩ ሥር ይዟት ይዞራል፤ «ይቺ የእህታችሁ ቪዛ ናት» እያለ ለአዲስ ሰው ሁሉ ያሳያል።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ጭንቅሌ ኢኮኖሚክስ ተማረ፤ ውጭ ቆይቶም ዶክተር ተብሎ ተመለሰ። ባርኔጣ አልገባ ያለው ራሱ ግን እንደነበረ ነው፤ ስሙን ያወጣሽለት አንቺ ስለሆንሽ ኃላፊነቱን አንቺው ውሰጂ። በመጣ በሳምንቱ ፀጉር ቤታችን ገብቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና የሚገባ የሚወጣውን ሰው ይመለከት ጀመር። ቅዳሜ ሰው ይተራመሳል፣ ማክሰኞ አባባ ዝንብ ሲያባርር ይውላል። ስለዚህ የቅዳሜ ዋጋ ከፍ ይበል፣ የማክሰኞው ዝቅ ይበል፣ ሰዉ ራሱን በራሱ ያከፋፍላል አለ። ይህን ያለው ምላጩ የደንበኛ ጉንጭ ላይ ሳለ ነው። አባባ አላነሳውም። በማግስቱ የዋጋ ሰሌዳ ተሰቀለ።

የሆነውን ልንገርሽ። ማክሰኞ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ቅዳሜም ጢም ብሎ ሞላ፤ ግን የሚቆረጥ የለም! ደንበኛው ሁሉ እንደ ልማዱ አግዳሚውን ሞልቶ ተቀምጦ ወሬውን ይሰልቃል። አባባም እጁ ባዶ ስለሆነ አብሯቸው ቁጭ ብሎ ማውራት ጀመረ። እትዬ፣ አባባ እንዴት ያለ ጨዋታ አዋቂ እንደነበረ ሳታውቂ ነው የሄድሽው። እኛም ያወቅነው በዚያ ሰሌዳ ምክንያት ነው። እማማን እንዴት እንዳገኛት፣ ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያ ደንበኛውን እንዴት አንድ ጎን ብቻ ቆርጦ እንደሸኘው፣ አንቺ የተወለድሽ ቀን እንዴት ሱቁን ሳይቆልፍ እንደሮጠ ሲያወራ ጫማ ሰፊው እንባው እስኪፈስ ይስቅ ነበር። ጭንቅሌ «አየህ፣ ዋጋ ይሠራል» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሰው የሚመጣው ለፀጉሩ ሳይሆን ለአግዳሚው ነው እለዋለሁ። እስከ ዛሬ አልተስማማንም። አባባ እስኪያርፍ ድረስ ግን ሰሌዳው ከግድግዳው አልወረደም።

ከዚያ በኋላ ማዕከላዊ ባንክ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፣ ጋዜጣ ላይም በየሳምንቱ መጻፍ ጀመረ። ጽሑፉን እኛ ሰፈር ከዳር እስከ ዳር የሚያነበው ጫማ ሰፊው ብቻ ነበር፤ እሱም ለመናደድ። ፓርቲ ገባ ሲባል ደንበኞቼ ወንድምህ ቀኝ ነው ግራ እያሉ ወጥረው ያዙኝ። እሱኑ ስጠይቀው «ከመሀል ትንሽ ወደ ቀኝ» አለ። ጫማ ሰፊው ይህን ሲሰማ «ፀጉሩን እንደሚከፍለው በለኛ!» አለና ቤቱ በሳቅ አውካካ። ጭንቅሌ ራሱ መስታወት አይቶ ሳቀ። እውነትም አባባ በልጅነቱ የከፈለለት መስመር ነው፤ እስከ ዛሬ አልቀየረውም። ሐሳቡን ስትሰሚው የሚከብድ ነገር የለውም፤ መንግሥት መንገዱንና ዳኝነቱን ይጠብቅ፣ ሱቁን ለባለሱቁ ይተው፣ ከአቅሙ በላይ አያውጣ፣ የደከመውን ሰው ግን አይጣል ነው የሚለው። እኔ ከዚህ ውስጥ ግማሹን እቀበለዋለሁ፤ የትኛውን ግማሽ እንደሆነ እንደ ወገቤ ሁኔታ ይለያያል።

ምክር ቤት ገባ፤ ቆይቶም የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። ሚኒስትር ሆኖም ፀጉሩን ሌላ ሰው አስነክቶ አያውቅም። ጠባቂዎቹን ውጭ ያቆምና አግዳሚው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ሰዉ ሁሉ ብድግ ብድግ እያለ ተራውን ሊለቅለት ይሻማል፤ እሱ እጁን እያወዛወዘ ያስቀምጣቸዋል። አንዳንዱ ትሕትና ነው አለ፣ አንዳንዱ ፖለቲካ ነው አለ። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ተራ ሲጣስ የሚያመው ሰው ነው። በልጅነቱ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ የቀደመውን ትልቅ ሰውዬ ቤቱ ድረስ ተከትሎ ሲከራከረው ሄደሽ ያመጣሽው አንቺ አይደለሽ?

አሁን አንቺ ወደሰማሽው፣ ግን አጥርተሽ ወዳላወቅሽው ነገር ልምጣ። የገበያ አዳራሹ ሱቆች የማዘጋጃ ቤቱ ናቸው፤ አባባ በወጣትነቱ ተከራይቷት ለእኔ የተላለፈችው ቤታችንም እንዲሁ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ብዙዎቹ ሱቆች ላይ ስማቸው የተጻፈ ሰዎች ደጁን ከረገጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ራሳቸው በርካሽ ይዘው ለሌላው በውድ ያከራያሉ። ጣራው ያፈሳል፣ የእኔ ነው ብሎ የሚጠግነው የለም። መሥራት የሚፈልግ ወጣት በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ጭንቅሌ እንዲህ ያለው ሱቅ ሁሉ፣ በአገሩ በሙሉ፣ በግልጽ ጨረታ እንዲከራይ የሚል ሕግ አወጣ።

ሕጉ ሰኞ ሊታወጅ፣ ቅዳሜ ዕለት ወንበሬ ላይ ነበር። እኔ ምኑንም አላውቅም። ምላጩን አንገቱ ላይ አሳርፌ፣ ደስ ብሎኝ፣ ወለሉን አፍርሼ ሴራሚክ ላስነጥፍ እንደሆነ፣ መስታወቶቹንም ልቀይር እንዳሰብኩ ነገርኩትና ምን ትላለህ አልኩት። ዝም አለ። በመስታወት ውስጥ አየኝ፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ ጣራው አደረገ። እትዬ፣ እኔስ የአባባ ልጅ አይደለሁ? ዝምታው እሺ መሰለኝ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሠራተኛ ጠራሁ፤ እሑድ ወለሉ ተነቀለ፤ ሰኞ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ሬዲዮው ሕጉን አነበበ።

ደሜ ፈላ። ሱሪዬ ላይ ሲሚንቶ እንደተለጠፈ ቢሮው ሄድኩ። ምላጭ ሥር ተቀምጠህ፣ ዓይኔን እያየህ፣ እያወቅህ እንዴት ዝም ትለኛለህ አልኩት። ለእኔ ነግሮ ለጫማ ሰፊው ቢደብቅ ሌላው ሰው ሰኞ የሚሰማውን የእሱ ወንድም ቅዳሜ ሰማ ማለት እንደሆነ፣ ይህንን ደግሞ ማድረግ እንደማይችል ነገረኝ። «ቆይ» የምትል አንዲት ቃል እንኳ ታንቅህ ነበር አልኩት። ያን ጊዜ አንገቱን ደፋ። «እኔም የአባባ ልጅ ነኝ። ዝም ስል እሺ እንደሚመስልህ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት» አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን አላሰብኩትም ብሎ ያመልጥ ነበር። እሱ አላመለጠም። ያን ጊዜ ግን ይህ አላጽናናኝም፤ እንዲያውም ባሰብኝ። በሩን ደርግሜው ወጣሁ።

ጨረታው ላይ እኔም ገባሁ፤ አላሸነፍኩም። የአባባን ቤት ስልክ የምትጠግን አንዲት ወጣት ወሰደችው። መጀመሪያ ላይ በዚያ በኩል ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም እሄድ ነበር። አንድ ቀን ስልኬ ተሰብሮ ግዴታ ሆነብኝና ገባሁ። በእኔ ሴራሚክ ላይ ቆማ፣ ራሷን አቀርቅራ ትሠራለች። የአባባ የምላጭ መሳያ ቆዳ ይንጠለጠልበት የነበረውን ሚስማር አልነቀለችውም፤ ቦርሳዋን ሰቅላበታለች። ሥራዋ ደግሞ አፍ ያስከፍታል። ልጠላት ፈልጌ አልሆነልኝም። ጫማ ሰፊውም ቦታውን አጥቶ ዛሬ የሚሠራው ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ነው። እሱ ግን በጭንቅሌ ላይ ጨክኖ ሰላምታውን ነሳው።

ዕቃ ያወጣሁ ዕለት ጭንቅሌ ብቻውን መጣ። እጅጌውን ጠቅልሎ የአባባን ወንበር ከኋላ ያዘ፣ እኔ ከፊት። አላነጋገርኩትም፤ ወንበሩ ግን ለአንድ ሰው አይቻልም። እዚያ ድረስ ደርሶ አንቺን ያቃጠለሽ ያ ፎቶ የተነሳው ያን ጊዜ ነው። ወንድሙን አፈናቅሎ ካሜራ ፊት ይስቃል ብለሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፁን መስማት እምቢ አልሽ። እትዬ፣ እየሳቀ አይደለም። የወንበሩ የእግር መርገጫ ተፈትቶ የእግሩ አውራ ጣት ላይ ወድቆበት ነው ጥርሱ የታየው። ጥፍሩ ጠቁሮ እስኪወልቅ ድረስ በየስብሰባው ሲያነክስ ነበር። ያነሳውም የጋዜጣ ሰው አይደለም፤ ከጎናችን የነበረው የፎቶ ቤት ባለቤት ነው። እሱም ያን ቀን ዕቃውን እያወጣ ስለነበር በንዴት ነው ያነሳው። በንዴቱ አልፈርድበትም። አንቺ ግን በዚያ ፎቶ ወንድምሽ ላይ አትፍረጂበት። የምትናደጂበት ሌላ በቂ ነገር አለሽ፤ በእሱ ተናደጂ።

ባለፈው ምርጫ ፓርቲው በቀላሉ የሚያሸንፍበት ሌላ ቦታ አዘጋጅቶለት ነበር። እሱ ግን እዚሁ፣ ገበያው ባለበት፣ በተወለደበት ሰፈር ካልተወዳደርኩ ብሎ ድርቅ አለ። ለየለት አልኩ። ከዚያ ገበያው መሀል ቆሞ ተናገረ፤ እኔም የሰው ጀርባ ተከልዬ ሰማሁት። ጣራው ተጠግኗል፣ አዳዲስ ሰዎች ሥራ ጀምረዋል፣ ሕጉን በማውጣቴ አልጸጸትም አለ። ይህን ሲል ያፏጩበት ነበሩ። ዝም እስኪሉ ጠበቀና ቀጠለ። ሱቁ ውስጥ በእጃቸው ይሠሩ ለነበሩት ቅድሚያ የሚሰጥ አንቀጽ በረቂቁ ላይ ነበረ፤ የሰረዝኩት እኔ ነኝ አለ። አንቀጹ ባይሰረዝ ኖሮ የመጀመሪያ ተጠቃሚ የራሱ ወንድም ሊሆን ነው፤ ለወንድሙ አደላ እንዳይባል ሰርዞት እኛን ሁሉ አብሮ ሰረዘን። «ስሜን ንጹሕ ለማድረግ ስል ዋጋውን እናንተን አስከፈልኳችሁ» አለ። ያን ጊዜ ማንም አላፏጨም፣ ማንም አላጨበጨበም።

እኔ ይህን አንቀጽ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት፣ ይሄ ሰውዬ ሊመረጥ ነው የመጣው ወይስ ሊናዘዝ አለችኝ። አልተመረጠም። አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ አሸነፈችው፤ ደህና ሴት ናት። እሱም የዚያኑ ዕለት ሄዶ እንኳን ደስ አለሽ አላት። አንቺ መረጥከው ወይ ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። መረጥኩት። መጋረጃው ጀርባ ግን ብዙ ቆምኩ፤ አስመራጩ ታመሙ እንዴ ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ።

አሁን ተመልሶ ያስተምራል። ከተሸነፈ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ አዲሱ ቤቴ መጣ። ከጎሚስታው አጠገብ ስለሆነ ጎማ ሲነፋ ወሬ አይሰማም፤ አግዳሚው ግን ያው የአባባ አግዳሚ ነው። ጠባቂ የለ፣ መኪና የለ፣ በእግሩ ነው የመጣው። እንደ ድሮው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ማንም ብድግ አላለለትም። አጠገቡ ጫማ ሰፊው ጋዜጣውን ዘርግቶ ፊቱን ከልሏል። ጭንቅሌ ጉልበቱ ላይ እጁን አድርጎ ወለሉን ሲያይ ቆየና ተራው መድረሱን እንኳ አላወቀም። እኔም ስሙን መጥራት አቃተኝ። ያን ጊዜ ጫማ ሰፊው ጋዜጣውን ሳያወርድ በክርኑ ነካ አደረገውና «ዶክተር፣ ተራህ ነው» አለው። ከጨረታው ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነው። እንባዬ መጣብኝና ምላጭ እንደምፈልግ ሆኜ ዞርኩ።

ምላጩን አንገቱ ላይ ሳሳርፍ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ በዚያ በልጅነት ድምፁ፣ ለኳስ ፈቃድ ሲጠይቅ በነበረበት፣ «እትዬ ጋ ልሂድ?» አለኝ። የተነቀለው ወለልም፣ ያ ሚስማርም፣ አንቺ ደፍተሽ የምትተዪው ስልክም ባንድ ጊዜ መጡብኝ። እጄን ለማንሳት ምክንያት ሞልቶኝ ነበር። አላነሳሁም፤ መላጨቴን ቀጠልኩ። ጫማ ሰፊውም ከኋላዬ፣ ጠባሳ እንዳታወጣበት ብቻ አለኝ።

ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ሊመጣ ተዘጋጅቷል። ለትንሹ ልጅሽ ኳስ ገዝቷል፤ እዚያ ኳስ የሌለ ይመስል። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የማስበው። አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ ያወራውን ሁሉ በደንብ የሚያስታውሰው እሱ ነው። እኔ ፀጉር ስጠርግ፣ ውሃ ሳሞቅ ብዙው አመለጠኝ። እሱ ያንን የሚያህል ጭንቅላት በከንቱ አልተሸከመም፤ አባባ አንቺ የተወለድሽ ቀን ሲሮጥ ያጠለቀው ነጠላ ጫማ የማንና የማን እንደነበረ እንኳ ያውቃል። አንቺ ያልሰማሽውን አባባን ይዞልሽ ይመጣል። እማማ ካረፈች በኋላ ሁለታችንንም ያሳደግሽ አንቺ ነሽ፤ ብትቆጪውም አንቺ ፊት ቆሞ ቢሆን ይሻለዋል።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሳሉን ችላ እንዳይል። ትልቋን አጎትሽ ኮርቶብሻል በያት። የትንሹን ግንባር ሳሚልኝ፤ አማትሽንም በእኔ ስም ጎንበስ ብለሽ ሰላም በዪልኝ። ባለቤቴና ልጆቼ በጣም ናፍቀንሻል ይላሉ። ጫማ ሰፊውም ቪዛሽ አላረጀም በላት ብሎኛል።

እንግዲህ እትዬ፣ አሁን ምላጩ በአንቺ እጅ ነው። እንዳይመጣ ከፈለግሽ አንሺው፤ ደውለሽ «አይሆንም» በይኝ። እኔው እነግረዋለሁ፣ እሱም ይችለዋል። አባባ አንቺን ሲለቅሽ ልቡ እሺ ብሎ እንዳልነበረ የሁላችንም ልብ ያውቀዋል፤ ግን ምላጩን አላነሳም፣ አንቺም ሄድሽ። ስለዚህ እሺ በይ ብዬ አላስጨንቅሽም፤ ይቅር በዪው ብዬም አልለምንሽም። ዝም ካልሽ ይበቃል። ዝም ካልሽ በርሽን ያንኳኳል።

ታናሽ ወንድምሽ፣ ፀጉር አስተካካዩ

ከገበያው ጀርባ፣ ከጎሚስታው አጠገብ ካለው ፀጉር ቤት
ማክሰኞ፣ ሰኔ ፱ ቀን